የባል ገቢ ሲያንስ የአሰላ ቤት ያግዛል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ታክሲ ይነዳል። ለቪዛዬ ገቢው አይበቃም ተባልን። አሰላ በስሜ ቤት አለኝ፤ ወላጆቼም ኢተያ አጠገብ የስንዴ ማሳ አላቸው። ይጠቅሙናል?

መልስ፦ ማሳውን ይተዉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ደግሞም የእርስዎ አይደለም።

ቤቱ ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ከዕዳ የጸዳ ዋጋው የገቢውን ጉድለት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ 5,000 ዶላር ከጎደለ 15,000 ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ተሸጦ ገንዘቡ ከአገር መውጣት እንደሚችልም ማሳየት ይጠበቅብዎታል። በእኛ የውጭ ምንዛሪ ደንብ ይህ ቀላል ስላልሆነ፣ በቤቱ ብቻ ተማምነው አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ባይቀርቡ እመርጣለሁ።

ባለቤትዎ ዋስ ሆኖ የሚሞላው አይ-864 የተባለው ቅጽ የሚጠይቀው ገቢ፣ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የአሜሪካ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ነው። ታክሲ ነጂዎች የሚሰናከሉት በግብራቸው ነው። ግብር እንዲቀንስ ነዳጁንም ጥገናውንም በወጪ ያስይዛሉ፤ ለቪዛው የሚታየው ደግሞ ከወጪ የተረፈው ነው።

የሚሻለው ተጨማሪ ዋስ ነው፦ አሜሪካ የሚኖር፣ 18 ዓመት የሞላው፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ገቢው የሚበቃ ሰው። ዘመድ መሆን የለበትም። ፊርማው ግን እናንተ ብትፋቱ እንኳ አይፈርስም፤ በአብዛኛው እርስዎ ዜጋ እስኪሆኑ ወይም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ሥራ እስኪቆጠርልዎ ያስጠይቀዋል። ይህን ሳይነግሩት አያስፈርሙት።