«በረካ» ብሎ ስም

ሦስተኛውን ቡና በረካ እንላለን። ሴት ልጁን በረካ ብሎ የሰየመ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ግመል ተንበርክካ ስፍራ መያዟን ከሚገልጸው ግስ ጋር ሥሩ አንድ ነው። በረካ መጥቶ የሚረጋ መልካም ነገር መባሉም ከዚሁ ነው። የእኛው «በረከት»ም ዘመዱ ነው።

ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) የመጠሪያ ስሟ በረካ ነበር። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚና አል-አብዋእ ላይ ስትሞት እርሳቸው ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወደ መካ ይዛቸው የተመለሰችው በረካ ናት። ኋላም ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣን አግብታ ኡሳማን ወለደች።

ታዲያ አንዳንድ ወንድሞች ይህ ስም ክልክል ነው ሲሉ ይሰማል። ከየት አመጡት? ኢማም ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረካና መሰል ስሞችን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ ኋላ ግን ዝም አሉ፤ ሳይከለክሉም ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሊቃውንት የሚሰጡት ምክንያት «በረካ አለች?» ለሚል «የለችም» የሚለው መልስ ደስ አለማሰኘቱን ነው። ኢማም ነወዊም የተጠላ እንጂ ሐራም አይደለም ብለዋል። ለአዲስ ልጅ ስም የሚያወጣ ወላጅ ይህን አይቶ ቢተወው መብቱ ነው። በዚህ ስም ያደገችን እህት «ለውጪ» ብሎ ማስጨነቅ ግን ከየትኛው ኪታብ እንደተገኘ ቢነገረን ደስ ይለኛል።