ቀነ ገደቡ የሚጀምረው መቼ ነው?

ለተግባር ልምምድ የተመደብሁት በቆቦ ዙሪያ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ወሩ መስከረም ነው። አንድ አዛውንት የጤና መድኅን መታወቂያቸውን ይዘው መድኃኒት መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«አባቴ፣ ይሄ መድኃኒት አልቋል፤ ከውጭ ይግዙ» አለቻቸው ባለሙያዋ።

«ልጄ፣ ማሽላዬን ሸጬ የከፈልሁት እኮ ለዚህ ቀን ብዬ ነው» አሏት።

መልስ አልነበራትም። እኔም የአቅርቦት ችግር ብቻ መስሎኝ ነበር። ካርድ ክፍል ስመደብ ግን ሌላውን ምክንያት አየሁት፤ ሰኔ 30 የተዘጋው ሩብ ዓመት የክፍያ ጥያቄ ገና አልተላከም።

ለመሆኑ የክፍያ ጥያቄ ምንድን ነው? እንደሚታወቀው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከክልላችን ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። አባሉ በዓመት አንዴ፣ በአብዛኛው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍንለታል። አባሉ ሲታመም ኪሱን ሳይነካ ይታከማል። ጤና ጣቢያው ደግሞ የአባልነት ቁጥሩን፣ ምርመራውንና መድኃኒቱን ከነዋጋው ሞልቶ በየሩብ ዓመቱ ለመድኅኑ ጽ/ቤት ያቀርባል። ጽ/ቤቱ አጣርቶ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል። እንግዲህ ወረቀቱ ከዘገየ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይዘገያል? በራያ ቆላ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ወባ ይበረታል፤ ወረፋው ይረዝማል። «ፎርሙ ይደርሳል» ተብሎ ይታለፋል። ለምሳሌ ያህል በቀን 30 አባላት ቢታከሙና አንዱ ፎርም 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በ60 የሥራ ቀን 1,800 ፎርም ይጠራቀማል። ይህ 150 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ለአንድ ሰው ወደ 19 የሥራ ቀን ይወስድበታል። ያን ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ማን ይሞላዋል? ቢሞላም ቁጥር ይሳሳታል፣ ፊርማ ይጎድላል፣ ተመላሽ ይሆናል።

የሌላውም አገር ልምድ ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ ሜዲኬር አገልግሎቱ ከተሰጠ 1 ዓመት ያለፈው ጥያቄ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይከፈልም። ጋና በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ተቋሙ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠይቅ፣ ከፋዩም በ4 ሳምንት ውስጥ እንዲከፍል ደንግጋ ነበር። በተግባር ግን ክፍያው ለወራት እየዘገየ የጋና ተቋማት ሲያማርሩ ኖረዋል። ከዚህ የምንማረው ቀነ ገደብ ሁለቱንም ወገን እኩል ካላሰረ ዋጋ እንደሌለው ነው። ጠያቂው ተጣድፎ ከፋዩ ከተኛ መደርደሪያው ያው ባዶ ነው።

ልዩ ሁኔታ ስል ደግሞ የእኛው አካባቢ ትዝ ይለኛል። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መዝገቡ የተቃጠለበት ተቋም ምን ይዞ ይጠይቃል? ስለዚህ ውሉ ከአቅም በላይ ለሆነ ችግር ግልጽ አንቀጽ ቢኖረው፣ የተሞላው ፎርምም ቅጂው በየሳምንቱ ወደ መድኅኑ ጽ/ቤት ቢሄድ መልካም ነው።

እኔ ከቆቦ ይዤ የመጣሁት ትምህርት ይህ ነው፤ ቀነ ገደቡ መስከረም 30 ወይም ሰኔ 30 አይደለም። ታካሚው መስኮቱ ጋ በቆመበት ዕለት ይጀምራል። ነገ እኛም በየጤና ጣቢያው ፋይናንስና ካርድ ክፍል መቀመጣችን አይቀርም። የዕለቱን ፎርም በዕለቱ እንሙላ፤ ተመላሽ የሆነውንም ሳናሳድር እናርም። ማሽላቸውን ሸጠው የከፈሉት አባት መልስ ሊያገኙ የሚችሉት እንዲህ ሲሆን ነው እላለሁ።