ስፖርት ለመውለድ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በዚህ እትም ያነሳነው ርዕስ ብዙዎቻችን አፍረን የምናልፈው ነው። ይሁንና ከምረቃ በኋላ ኒካህ እናስባለን፤ ልጅም እንመኛለን። ልጅ የሚሰጠው አላህ (ሱ.ወ) ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ደግሞ የኛ ድርሻ ነው። ሰውነታችን አማና ስለሆነ ሀያእ ከመማር ሊያግደን አይገባም።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። መጠነኛ እንቅስቃሴ ለወንድም ለሴትም የመውለድ አቅም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። እንቅስቃሴ ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ ይረዳል። ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ በተባለው የሆርሞን መዛባት ምክንያት የወር አበባቸው የተዛባ፣ ክብደታቸውም የጨመረ ሴቶች ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀንሱ ብዙ ጊዜ ይስተካከልላቸዋል።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? እኛ ግቢ ውስጥ ያየናቸውን ሁለት መንገዶች እንመልከት።

አንደኛ፦ ብዙ ሮጦ ጥቂት መብላት። አንዲት እህታችን (በፈቃዷ ነው የምንጽፈው) ረመዷን ሲያልቅ ቀዷ የምታወጣው አንድም ቀን ስላልነበረባት ደስ ብሏት ነበር። ለካ ክብደት ለመቀነስ በየቀኑ እየሮጠች ምግቧን ስትቀንስ የወር አበባዋ ከቆመ አራት ወር ሆኖት ነበር። አንጎላችን ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ የሚገባውን ኃይል ከሚወጣው ጋር ያመዛዝናል። የተበላው ለእንቅስቃሴውም ለሰውነቱም ካልበቃ፣ ወደ ፒቱታሪ እጢ የሚልከውን ምልክት ይቀንሳል። ያኔ እንቁላል አይለቀቅም፤ ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ ከጊዜ በኋላም አጥንት ይሳሳል። ስለዚህ የወር አበባ መቅረት ማስጠንቀቂያ እንጂ እረፍት አይደለም። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እህታችን ምግቧን ጨምራ፣ ሩጫውን ቀንሳ፣ አልሐምዱሊላህ ተመልሶላታል። ስፖርቱንም አልተወችም።

ሁለተኛ፦ የጂም መርፌ። ወንድሞች፣ ጡንቻ በፍጥነት ያሳድጋል ተብሎ በየጂሙ ጥግ የሚሸጠው መርፌ ብዙ ጊዜ ቴስቶስትሮን ወይም የሱ ዘመድ የሆነ ስቴሮይድ ነው። "ወንድነት የሚጨምር ነገር እንዴት ዘር ይቀንሳል?" የሚል አለ። የቦይለርን ቴርሞስታት አስቡ። ሴንሰሩን በክብሪት ብታሞቁት ውሃው የሞቀ ይመስለውና ማሞቂያውን ያጠፋዋል፤ ውሃው ግን እንደቀዘቀዘ ነው። አንጎልም እንደዚሁ ነው። ደም ውስጥ ከውጭ የመጣ ሆርሞን በዝቶ ሲያገኝ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትዕዛዝ ያቆማል። ጡንቻው ያብጣል፤ የዘር ፍሬው ግን ይሟሽሻል። የዘር ብዛት ዜሮ እስከመሆን ሊደርስ ይችላል። ብዙዎች ካቆሙ በኋላ ቢመለስላቸውም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። የጀመረ ወንድም ካለ ሳያፍር ለሐኪም ይንገር።

ሙቀትንም አንርሳ። አላህ የዘር ፍሬን ከሰውነት ውጭ ያደረገው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ስላለበት ነው። ሳውና ማዘውተርና ላፕቶፕ ጭን ላይ አድርጎ ረጅም ሰዓት መሥራት ያሞቁታል። የወንድ ዘር ተፈጥሮ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ዛሬ የተስተካከለ ልማድ ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነውና አትቸኩሉ።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ብቻ ነው። ሐኪሞች ግን ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ችግር ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ያገኛሉ። ባል ሳይመረመር ሚስትን "መካን" ማለት ዙልም ነው። ነገ ባል የምንሆን ወንድሞች፣ ዓመት ሞልቶ ፅንስ ካልመጣ ሁለታችንም አብረን እንመርመር፤ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዱዓእና ሰብር ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።