ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ምልክትና አያያዝ

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ የፓርኪንሰን በሽታ አለበት አይባልም፤ ይህ በሽታ ያለበትም ሰው ሁሉ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ በሽታውን ለይቶ ለማወቅ የበሽተኛውን ቃል በትዕግሥት ማድመጥና አካሄዱን ማስተዋል ያስፈልጋል።

በሽታውን በ1817 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፎ ያስታወቀው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። ከገለጻቸው ስድስት በሽተኞች አንዳንዶቹን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነበር። ዛሬም ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው በይበልጥ በማየትና በመጠየቅ ነው፤ በተለመደው የደም ምርመራ ብቻ አይታወቅም።

የበሽታው ሥር በአንጎል ውስጥ ነው። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በሽተኞች በመጀመሪያ የሚናገሩት ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል። አንዱ የእጅ ጽሕፈቱ እያነሰ መሄዱን፣ ሌላው የልብሱን ቍልፍ መቈለፍ ማቃቱን፣ ሌላው ሽታ መለየት መተዉን ይናገራል። ትከሻውን የሚያመውም ቍርጥማት ይመስለዋል። ቤተ ሰብ ደግሞ ፊቱ ስለማይፈታ ተቈጣ፣ ድምፁ ስለሚያንስ ኰራ፣ እርምጃው ስለሚዘገይ አረጀ ይሉታል። እንዲህ ሲባል ዓመታት ያልፋሉ። የበሽታው ስም በተነገረው ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ነገር ግን ድካሙ ስንፍና አለመሆኑን ማወቁ ያሳርፈዋል።

ስለዚህ የሚከተሉት ይጠበቁ።

1ኛ፤ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ያሳይ። ለማስታወክና ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይህንኑ ምልክት ያመጣሉና።

2ኛ፤ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በሽታውን ፈጽሞ ባያድንም እንቅስቃሴን ያቀላል። በታዘዘለት ሰዓት ይወሰድ። ሥጋ፣ እንቍላልና ሽሮ አብረውት ሲበሉ ኃይሉን ሊቀንሱት ስለሚችሉ፣ ከምግብ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚወሰድ ሐኪሙ ይጠየቅ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

3ኛ፤ የበሽተኛው እግር በደጃፍ ላይ ድንገት ሲያዝ አይጐተት፤ ይወድቃልና። ጥቂት ቆሞ ይረፍ፤ ከዚያም «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ቢቈጥሩለት እርምጃው ሊፈታለት ይችላል።

4ኛ፤ እንደ አቅሙ በየቀኑ ይራመድ፤ ሲናገርም ሆነ ሲለብስ አይጣደፍ። ጭንቀት መንቀጥቀጡን ያብሰዋል።

5ኛ፤ መድኃኒቱ የሚሠራበትና የሚደክምበት ሰዓት በወረቀት ይጻፍ። ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን የሚያስተካክለው በሽተኛውና ቤተ ሰቡ በሚነግሩት መሠረት ነውና፣ ወረቀቱን በቀጠሮው ቀን ይዞ መሄድ አይዘንጋ።