«ሞቻለሁ» ብሎ ሥራውን የቀጠለው ሰው

እናንተ ለፍታችሁ የሌላው ስም ተጠርቶ፣ የእናንተ ተዘልሎ ያውቃል? እንግዲያው ኢፖሊት ባያርድን ተዋወቁት።

ባያርድ በፓሪስ የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበር። ከቢሮ በተረፈው ጊዜ ወረቀት በብር ጨው እየነከረ ፎቶግራፍ የሚያወጣበትን የራሱን ዘዴ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1839 አጋማሽም ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ። ነገር ግን ተሰሚው ሳይንቲስት ፍራንሷ አራጎ የቆመው ሌላ የፎቶግራፍ ዘዴ ለፈጠረው ለዳጌር ነበርና ባያርድ ዘዴውን ከማሳወቅ እንዲታገሥ ተመከረ። ታገሠ። ኦገስት 19 ቀን የዳጌር ዘዴ ለዓለም ታወጀ፤ መንግሥትም ለዳጌር በዓመት 6,000 ፍራንክ ጡረታ ቆረጠለት። ለባያርድ የደረሰው ለመሣሪያ መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር።

አንጀቱ አረረ። ታዲያ ምን አደረገ?

በ1840 ልብሱን አውልቆ፣ ከወገቡ በታች ጨርቅ አገልድሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ካሜራው ፊት ተቀመጠ። ከጎኑ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አለ። ባያርድ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ሐውልቶችን የጂፕሰም ቅጂዎች ደጋግሞ ያነሣ ነበር፤ ሐውልት አይነቃነቅም፣ ነጭነቱም ብርሃን ይመልሳል፤ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ለሚፈጀው ወረቀቱ የሚመች ነበር። አሁን ራሱ እንደ ሐውልት ጸጥ አለ። ከፎቶው ጀርባ ደግሞ በራሱ ላይ መርዶ ጻፈ፦ ይህ የባያርድ ሬሳ ነው፤ ለዳጌር የቸረው መንግሥት ለእሱ ስለነፈገው ውኃ ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ ፊቱና እጆቹም መበስበስ ጀምረዋል። እውነቱ ግን ምናልባት ፀሐይ አጥቁሯቸው ይሆናል!

እኔን የሚያስደንቀኝ አቤቱታውን ያቀረበበት መንገድ ነው። ያቀረበው ዕውቅና በተነፈገው በዚያው ዘዴ ነው። ቅሬታውን የሚያይ ሁሉ ችሎታውን አብሮ ያያል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? እልህ እንዲህ ሲገራ ሰውን አያቃጥልም፤ ያሠራል።

«ሟቹ» ደግሞ ሥራውን አላቆመም። በ1851 የፈረንሳይን ታሪካዊ ሕንጻዎች እንዲያነሡ ከተመረጡት አምስት ፎቶግራፈሮች አንዱ ሆነ፤ በ1854 የፈረንሳይ ፎቶግራፍ ማኅበርን ከመሠረቱት መካከል ነበር፤ በ1863 የሌዥዮን ዶኖር ኒሻን ተሸለመ። ያረፈው በ1887፣ በ86 ዓመቱ ነው።

ወዳጆቼ፣ ስማችሁ ተዘልሎ የተዋችሁት ሥራ ካለ ዛሬውኑ ከመሳቢያ አውጡት። የጎደለውን ሙሉ፤ ሲያልቅም፣ ባያርድ ከፎቶው ጀርባ እንዳደረገው፣ ቀኑንና ስማችሁን ጻፉበት።