ሶምሶማና የደም ግፊት

“ደም ግፊት የሽማግሌ በሽታ ነው” ሲባል ዛሬም እንሰማለን። ታዲያ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ሄዶ “144 በ92 ነው” ቢባል ቀድሞ የሚመጣበት ሐሳብ “መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል” የሚል ነው። እርግጥ ደረጃ በሩጫ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ የተለካ ሰው ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ፣ በሌላ ቀንም ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሣሪያውን መውቀስ አያዋጣም። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ ዝም ይላል።

ለዚህ ወጣት ሐኪሙ ከሚሰጠው ምክር አንዱ “ስፖርት ሥራ” የሚል ነው። ለመሆኑ ሩጫ ግፊትን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ስንሮጥ ምን ይሆናል?

የሚገርመው፣ በሩጫ ሰዓት ግፊት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ላይኛው ቁጥር፣ ማለትም ልብ ስትኮማተር ደም የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል፣ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ 180 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ጡንቻ ደም ስለሚፈልግ ነው። ታችኛው ቁጥር ግን ብዙም አይለወጥም።

ቁም ነገሩ ያለው ካቆምን በኋላ ነው። የሰፉት የደም ሥሮች ወዲያው ስለማይጠቡ ግፊቱ ከመነሻው ዝቅ ይልና ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ እንደዚያው ይቆያል። እሑድ ብቻ የሚሮጥ ሰው እንግዲህ ያገኘውን ማክሰኞ ላይ ጨርሶታል ማለት ነው። በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለለ የሚሮጥ ሰው ግን የአንዱ ቀን ጥቅም ሳያልቅ ሌላውን ይደርብበታል። እየቆየም ሰውነቱ ራሱ ይለወጣል፦ የደም ሥር ውስጠኛው ሽፋን ሥሩን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር በደንብ ያመነጫል፤ የደም ሥርን የሚያጠብቁ ነርቮች ይረጋጋሉ፤ ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም ስለምትገፋ በዕረፍት ጊዜ ቀስ ብላ ትመታለች። ለውጡ በመለኪያ ላይ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ስንት ይቀንሳል?

ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይወርዳል፤ በጤነኞች ደግሞ ከ2 እስከ 4። “ይቺን ለማግኘት ነው እንዴ ንጋት ላይ የምነሳው?” ትሉ ይሆናል። ይህች ትንሽ ቁጥር ግን ለዓመታት ስትቆይ የስትሮክና የልብ ሕመም ዕድልን ትቀንሳለች። ያም ሆኖ 170 የነበረ ሰው በሩጫ ብቻ ጤነኛ አይሆንም። “ሮጬ ድኛለሁ” ብሎ ክኒን መጣል፣ በእኛ አስተያየት፣ ካለመሮጥም የባሰ ስህተት ነው። መድኃኒት የሚቀንሰውም ሆነ የሚያቆመው ሐኪም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው። የመስቀል አደባባይ ደረጃ ለራቀው ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ዳገቱን ፈጠን ብሎ በእግር መውጣትም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ ሁለት ሳምንት ሮጦ፣ ከዚያ ቲሸርቱን እስከ ከርሞ የሚሰቅለው ብዙ ነው፤ ልምምድ ሲቆም የተገኘው ለውጥ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። የምትጀምሩ ደግሞ የመጀመሪያ ቁጥራችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። ከ3 ወር በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ተለኩ፤ ከሩጫ እንደተመለሳችሁ ግን አይሁን፣ የዚያን ሰዓት ቁጥር ያታልላል።