የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



በኪራሙና በአካባቢው በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ሥራ ጉልበት ይጨርሳል። በዱላ መውቃት ፍሬውን ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ ፍሬ ደግሞ ለነቀዝና ለሻጋታ የተመቸ ነው። በዚህ ምክንያት የመፈልፈያ ማሽን ገዝቶ ለጎረቤት በክፍያ መፈልፈል ብዙ አርሶ አደሮች የሚያስቡት ሥራ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ሥራውን የሚጀምሩት በሬ ሸጠው ወይም ተበድረው ከሆነ፣ ቢከሽፍ የሚጎዳው የሚቀጥለው ዓመት እርሻዎ ነው።

በሞተር የሚሠራ መፈልፈያ በአገራችን አዲስ አይደለም። በባኮ የሚገኘው የእርሻ ምህንድስና ምርምር ማዕከል “ባኮ ሞዴል” በሚል ስም የሚታወቅ መፈልፈያ አውጥቷል። ስለዚህ ማሽኑ ይፈለፍላል ወይ ብለው ብዙ አይጨነቁ። ይልቁንስ በዓመት ስንት ቀን ሥራ ያገኛል? ብለው ይጠይቁ።

ሒሳቡን በቁርጥ ይሥሩ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለትምህርት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ በቦታቸው የቀበሌዎን ዋጋ ይተኩ። ማሽኑ 120,000 ብር ቢገዛና 5 ዓመት ቢያገለግል፣ በየዓመቱ 24,000 ብር ያረጃል ማለት ነው። ለአንድ ኩንታል 60 ብር ቢያስከፍሉ፣ ከዚህ ውስጥ ለነዳጅ 12፣ ለሠራተኛ 15፣ ለጥገና 8 ብር ቢወጣ፣ በእጅዎ የሚቀረው 25 ብር ነው። የማሽኑን እርጅና ብቻ ለመሸፈን በዓመት 960 ኩንታል መፈልፈል አለብዎት። ገንዘቡ በ15 በመቶ ወለድ የተገኘ ብድር ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት 18,000 ብር ይጨመራል፤ የሚያስፈልገው 1,680 ኩንታል ይሆናል። የእርስዎ የራስዎ የቀን ጉልበት ገና አልተቆጠረም።

በቀን 40 ኩንታል ቢፈለፍሉ ይህ 42 የሥራ ቀን ነው። የመፈልፈያው ወቅት ደግሞ አጭር ነው፤ 60 ቀን አገኛለሁ ካሉ ትርፍ አለ። ጎረቤት ቀበሌ ያለ ሰው ሌላ ማሽን ገዝቶ ሥራው ለሁለት ቢካፈልስ? የእርስዎ 30 ቀን 1,200 ኩንታል ነው፤ የሚቀረው 30,000 ብር፣ የሚያስፈልገው 42,000 ብር። አንዱ ሲያተርፍ ያየ ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ስለሚገዛ፣ ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። ማሽኑ በቀሩት ወራት ቆሞ እንደሚከርምም ያስቡ።

“ጥሩ ነው” ያለ ሁሉ ደንበኛ አይደለም

ሐሳብዎን ለዕድር ወይም ለደቦ ጓደኞችዎ ቢነግሩ ሁሉም ያመሰግንዎታል። ምስጋና ግን ነዳጅ አይገዛም። ስንት ኩንታል እንዳለው፣ መቼ እንደሚያስፈለፍልና ከፊሉን ቀድሞ ይከፍል እንደሆነ እያንዳንዱን ይጠይቁና ይጻፉ። ቀብድ የሰጠው በእርግጥ ደንበኛዎ ነው።

ከተቻለ ከመግዛትዎ በፊት ማሽን ያለው ሰው ያነጋግሩና በአዝመራው መካከል ለ10 ቀን ይከራዩ። በእነዚያ ቀናት የነዳጁን ፍጆታ፣ ከማሳ ወደ ማሳ ለመጓጓዝ የሚባክነውን ሰዓትና በቁማ የሚጠፋውን ቀን ሁሉ ይመዝግቡ። ሻጭ የሚነግርዎ የሰዓት ምርት በደረቅ በቆሎና በጥሩ ሠራተኛ የተገኘ ነውና በእርስዎ ማሳ ላይ ይቀንሳል።

እርጥብ በቆሎ ማሽኑንም ፍሬውንም ይጎዳል። ለመፈተን በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬና ደረቅ ጨው ጨምረው ይነቅንቁ፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና አልደረቀም፤ መፈልፈሉን ያዘግዩ። ደንበኛው ቢቸኩልም ይህን ያስረዱት፤ ኋላ ሲሻግት የሚወቀሰው ማሽኑ ነው።

ገንዘቡ የሁለት ቤት ነው

የማሽኑን ገቢ ከቤት ገንዘብ ለይተው በሌላ ቦርሳ ያኑሩ፣ በደብተርም ይጻፉ። ለበዓል በግ ከዚያ ከወጣ፣ “ወሰድኩ” ብለው ይመዝግቡ። በእህል የሚከፍልዎትን በዕለቱ ገበያ ዋጋ በብር ቀይረው ያስገቡ። አክስት፣ አጎት፣ የልጅ አማች በዱቤ ይላሉ፤ አለመስጠት ያስቸግራል፣ ሁሉን መስጠትም ሥራውን ይገድላል። ስለዚህ ለወቅቱ የዱቤ ጣሪያ አስቀድመው ይወስኑ፤ ጣሪያው ሲሞላ ደብተሩን ማሳየት ብቻ በቂ ነው።

ቺንጋ ቢበጠስ ወይም ኩሽኔታ ቢሰበር ለመለዋወጫ ወደ ነቀምቴ መሄድ ቀናትን ይወስዳል፤ ትርፍ ቺንጋ ከመጀመሪያው ቀን በቤትዎ ይኑር። በሚሽከረከር ቺንጋ አጠገብ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ሰፊ እጀታ ያደረገ ሰው፣ እንዲሁም ሕፃን እንዳይቀርብ ያድርጉ።

ለቡድን ውይይት

ከተከታይ አርሶ አደሮችዎ ጋር ተቀምጣችሁ ከላይ ያለውን ሒሳብ በቀበሌያችሁ ዋጋ እንደገና ሥሩት። ሥራው በግማሽ ቢቀንስ ምን ያህል ትጎዳላችሁ? ማሽኑን ለብቻ መግዛት ይሻላል ወይስ ለሦስት? ለሦስት ከሆነ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል፣ በማን ማሳ ይጀምራል? መልሱን ጽፋችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ አሳዩ።